ክንፉ የጎበጠው አውሮፕላን

ከሩቅ አገር በፍቅር የተላከላችሁን ዕቃ ከፍታችሁ ልባችሁ ቅዝቅዝ ብሎ ያውቃል? ጫማው ጠብቦ፣ ቀሚሱ ሰፍቶ፣ ሰዓቱ አልሠራ ብሎ? ያን ጊዜ ፊታችሁን ምን አስመሰላችሁት? “ደረሳችሁ ወይ? ወደዳችሁት ወይ?” ብሎ ለሚደውለው ላኪስ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?

እኔ የመለስኩት መልስ ትክክል አልነበረም። ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁትም በእርሱ ምክንያት ነው። ነገሩ የተጀመረው ልጆች ገጣጥመው በሚሠሩት አንድ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነው። “ለዚህ ደግሞ ጽሑፍ ይጻፋል?” እንዳትሉኝ። በእኛ ቤት ከአንድ ወር በላይ ያነጋገረን፣ ያስለቀሰንና ያሳቀን ጉዳይ ነበር።

የአባቴ አውሮፕላን

አባቴ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ልጆች ሳለን ማታ ወደ ቤት ሲገባ ልብሱ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ እንኳ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት አይለቅም። ከሠራባቸው አውሮፕላኖች ሁሉ ስሟን እንደ ልጁ ስም አቆላምጦ የሚጠራት አንዷን ነበር፤ ዲሲ-3ን። “ሁለት ሞተር አላት። በእያንዳንዱ ሞተር አሥራ አራት ሲሊንደር፤ ሰባቱ ከፊት፣ ሰባቱ ከኋላ” እያለ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይሥልልን ነበር።

ይህች አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲ-47 የተባለው የጦር ሠራዊት ዓይነቷ በብዙ ሺህ ተሠርቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የበረረውም በዚሁ በሲ-47 ነበር። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ነበሩ። በመጀመሪያው ዘመን መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ መካከሉ ላይ ደግሞ ጭነት በገመድ ታስሮ ይሄዳል። አባቴ ሥራ የገባው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ቢሆንም፣ ይህን ታሪክ ከቀደሙት ሰምቶ ሲነግረን በዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስል ነበር።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በአሜሪካ ቨርጂንያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ወረቀቱ ስላላለቀለት ለቀብሩ መምጣት አልቻለም። ለቅሶውን የተቀመጠው ብቻውን፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ነገር እንደ እሾህ ውስጡ ተቀብሮ መቅረቱን እኔ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ቀን ደወለና “እህቴ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ የአባባን አውሮፕላን አገኘኋት! ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው። ለልጁ በሰው እልክለታለሁ። እርሱ ይሥራትና ከአባባ ፎቶ ጎን አስቀምጡልኝ” አለኝ። ሙጫና ቀለሙን ግን መላክ አልቻለም፤ እሳት የሚይዝ ነገር በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

የአሥራ አራት ዓመት ልጃችን ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ከአያቱ ጋር እጅግ ይዋደዱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገደኛው የሚመጣበትን ቀን በግድግዳው ካላንደር ላይ አክብቦ ይጠብቅ ጀመር።

ሣጥኑ ሲከፈት

ሣጥኑ ደረሰ። ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል ብታዩት! ደመና ሰንጥቃ የምትወጣ ዲሲ-3፣ ሞተሮቿ ሲሽከረከሩ፣ ክንፏ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ተሥሎበታል። ልጄ መስመሩን ሲያይ “ይሄ የኖርማንዲ ነው። በ1944 የራሳቸው ወገን በስሕተት እንዳይተኩስባቸው የቀቡት ነው” ብሎ አስረዳን። የሣጥኑ ጽሑፍ እንደሚለው ሞዴሉ ከእውነተኛው በ72 እጥፍ ያነሰ ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ስለሆነ የእኛው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ልጄ በማስመሪያ ለክቶ ብፌው ላይ ቦታውን አዘጋጀ።

ከዚያ ሣጥኑን ከፈተ።

ውስጡ ያለው ሥዕሉን አይመስልም ነበር። ክፍሎቹ እንደ ዓሣ አጥንት በፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተያይዘዋል። በየጠርዙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ትርፍ ፕላስቲክ ወጥቷል። ክንፉ ላይ በአውራ ጣት የተጫኑት የሚመስሉ ስርጉዳቶች አሉ። አንደኛው ክንፍ ጎብጧል። የአካሉን ሁለት ግማሾች ብታጋጥሟቸው፣ አፍንጫው ላይ ሲገጥሙ ጅራቱ ላይ አይገጥሙም፤ ጅራቱ ላይ ሲገጥሙ አፍንጫው ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይተዋሉ። ከአንደኛው ተሽከርካሪ የአንዱ ምላስ ጫፍ የለም። የመስኮቶቹ ፕላስቲክ የተተነፈሰበት መስተዋት ይመስላል። የጅራቱ ትንሽ ጎማ ጭራሽ የለችም። በውኃ ተነክሮ የሚለጠፈው የምልክት ወረቀት ቢጫ ሆኗል፤ ኮከቡም ከሰማያዊው ክብ ወጥቶ ወደ ጎን ተንሸራቷል። ሲሊንደሮቹን ለመቍጠር ሞከርን። እንኳን አሥራ አራት ሊሆኑ፣ አንድ ላይ የቀለጠ ሻማ ይመስሉ ነበር።

ልጄ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አንሥቶ አየና መልሶ አስቀመጣቸው። ምንም አልተናገረም።

እኔ ግን ተናገርኩ። “በል አመስግን! ስንቱ ልጅ ይህን መች አግኝቶ ያውቃል? አጎትህ እኮ ከዚያ ሁሉ ሥራው መካከል አስቦህ ነው!” አልኩት። እውነት ነበር። ነገር ግን እውነት የሆነ ንግግር ሁሉ በጊዜው የተነገረ አይደለም። ልጄ “አመሰግናለሁ” አለና ሣጥኑን ዘግቶ አልጋው ሥር ከተተው።

የእኔ መልስ

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ደወለ። “ወደደው?”

“ውይ! ደስታውን አልቻለውም! ይዞት ውሎ ይዞት ያድራል” አልኩት።

ወንድሜ በደስታ ሳቀ። “አባባ ቢያያት!” አለና ድምፁ ተቈራረጠ። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ልጄ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል።

“እማዬ፣ እኔ እንደዚያ ብዋሽ ኖሮ ምን ትዪኝ ነበር?”

ውድ እናቶች፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? “እርሱን ላለማስከፋት ብዬ ነው” አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን ለራሴም አልጣመኝም። ባለቤቴ ፓስተር እንደመሆኑ ቤታችን ሰው አይጠፋውም። የሚመጣውን ሁሉ፣ ያማረውንም ያላማረውንም፣ በፈገግታ መቀበል ለእኔ ልማድ ሆኗል። ይህ ደግ ልማድ ነው። ለካስ የልቤን መናገር የሚፈራ ሌላ ልማድ ከሥሩ አብሮ አድጎ ኖሯል! ከዚያ የባሰው ደግሞ ልጆቼንም ይህንኑ እያስተማርኳቸው መሆኑ ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና “ልጁ ለምን እንዲህ እንዳዘነ ጠይቀሽዋል?” አለኝ። አልጠየቅሁትም ነበር። ሌላ ዘዴ ግን መጣልኝ፤ አውሮፕላኑን ደብቄ ካስተካከልኩት፣ ልጁም ይደሰታል፣ ውሸቴም እውነት ይሆናል!

በማግስቱ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። ፕላስቲክ በሙቀት ይለሰልሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ጀበናውን እንጂ ሌላ የማላፈላ ሰው፣ ድስት ሙሉ ውኃ አፍልቼ የጎበጠውን ክንፍ ነከርኩት። ሳወጣው የክንፉ ጫፍ እንደ ጠወለገ ቅጠል ወደ ታች ተንጠለጠለ። በእጄ ላቀናው ብል ተጠማዘዘ፤ የጣቴም አሻራ ላዩ ላይ ቀረ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ክንፉን ይዤ እንደተቀመጥኩ አገኘኝ። ልነግረው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። የአባቴ ለቅሶ ከተነሣ ጀምሮ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ለቀብሩ ሰው ስቀበል፣ ሰው ስሸኝ፣ “አይዟችሁ” ስል ነበር እንጂ ለራሴ መቼ አለቀስኩ?

ልጄ ቦርሳውን ሳያወርድ አጠገቤ ተቀመጠ። “እማዬ፣ እኔ የተናደድኩት በአጎቴ አይደለም። አባባ የነገሩኝን አውሮፕላን አልመስል ስላለኝ ነው። ባበላሸው ደግሞ እሳቸውን ያበላሸሁ መሰለኝ” አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ውለታ ቢስነት ነው ብዬ የገሠጽኩት ነገር ለካስ ፍቅር ኖሯል። “አመስግን” ብዬ በር የዘጋሁበት አያቱ ናፍቀውት ሊያለቅስ የፈለገ ልጅ ነበር። ያን ቀን ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያም ክንፉን አየነውና አብረን ሳቅን፤ በእውነት ያስቅ ነበር።

የሚያውቀውን መጠየቅ

ቅዳሜ ዕለት ሣጥኑን ይዘን ወደ ጎረቤታችን ልጅ ሄድን። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ ማኬት ሲቆርጥና ሲያጣብቅ መብራቱ ይታየናል። ክፍሎቹን እያገላበጠ አየና “እትዬ፣ ይሄ የእናንተ ጥፋት አይደለም” አለን። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ልጄን ምን ያህል እንዳሳረፈችው ልነግራችሁ አልችልም። ለካስ የዕቃውን ጉድለት የራሱ እጅ ጉድለት አድርጎ ቆጥሮት ነበር።

ከዚያም እንዲህ ብሎ አስረዳን። እነዚህ ክፍሎች የሚሠሩት ፖሊስታይሪን የሚባለውን ፕላስቲክ አቅልጦ በሁለት የብረት ቅርፅ መካከል በከፍተኛ ግፊት በመጨመር ነው። ቅርፁ አርጅቶ ጠርዙ ሲያልቅ፣ ሁለቱ ብረቶች በደንብ አይጋጠሙም፤ ፕላስቲኩ በመካከላቸው ሾልኮ ያን የሽንኩርት ልጣጭ ይፈጥራል። ወፍራሙ ቦታ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ላዩ ይሰረጉዳል። ግፊቱ ካነሰ ፕላስቲኩ ጫፍ ድረስ ሳይደርስ ይቀራል፤ የተሽከርካሪው ምላስ የጎደለው ለዚህ ይሆናል። ገና ትኩስ ሳለ ከቅርፁ የወጣ ክፍል ደግሞ ይጎብጣል። ብዙ ዓመት ያገለገለ አሮጌ ቅርፅ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ በአዲስ ሣጥንና በአዲስ ሥዕል እንደገና ገበያ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ወንድሜ ያየው ሥዕሉን ነበር፤ ቅርፁን ከየት ያየዋል?

ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ማወቃችን ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ሆነልን። ቀጥሎ ያደረግነውን ደግሞ፣ ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥማችሁ እንዲጠቅማችሁ በዝርዝር ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ክፍሎቹን በሙሉ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብናቸው። ከቅርፁ በቀላሉ እንዲላቀቁ የሚቀባ ቅባት ስለሚቀርባቸው ሙጫም ቀለምም አይዝላቸውም። ትርፉን ልጣጭ በምላጭ ጀርባ ፋቅነው፤ ጠርዙን በጥፍር ሞረድና ውኃ በነካው ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። ውኃው ብናኙ እንዳይነሣ ይረዳል። ምላጩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ክንፉን እንደገና ሞከርነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚፈላ ውኃ አልነበረም። ከእሳት ወርዶ ጥቂት በረድ ባለ ውኃ ውስጥ ነክረን፣ ቀስ አድርገን ቀጥ አድርገን ይዘን፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተትነው። አራት ጊዜ ደጋገምነው። የፋብሪካው ጉብጠት ተቃና። የእኔ ጉብጠት ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

ማናቸውንም ክፍል ከማጣበቃችን በፊት ያለ ሙጫ አጋጥመን እንሞክረው ነበር። ይህ ትልቅ ምክር ነው። የአካሉን ሁለት ግማሾች በአንድ ጊዜ ለማጣበቅ ከመታገል፣ ከላይ በኩል ከአፍንጫው ጀምረን በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ እያጣበቅን፣ በላስቲክ እያሰርን፣ እስኪደርቅ እየጠበቅን ሄድን። የማይገጥመውን ልዩነት ሁሉ ወደ ሆዱ አወረድነው፤ እዚያ ብዙ ዓይን አያርፍበትም። የቀረውን ክፍተት በሱፐር ግሉና በቤኪንግ ሶዳ ሞላነው። ሁለቱ ሲገናኙ ወዲያው እንደ ድንጋይ ይጠነክራሉ፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ይህን ስታደርጉ መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ልጅም ብቻውን አያድርገው።

ሱፐር ግሉ ለመስኮት አይሆንም፤ ትነቱ ብርሃን አስተላላፊውን ፕላስቲክ እንደ ውርጭ ያነጣዋል። የተበላሹትን ትንንሽ መስኮቶች ትተን፣ አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ በስንጥር ጫፍ ቀዳዳው ላይ ዘረጋነው። ማታ ነጭ የነበረው ጠዋት መስተዋት ሆኖ አገኘነው። ልጄ ቤቱን በጩኸት ሞላው! የጎደለውን የተሽከርካሪ ምላስ ከእርጎ ዕቃ ክዳን ቆርጦ ሠራ። ቢጫ የሆነውን የምልክት ወረቀት ውኃ ውስጥ ብንነክረው ተሰባበረ፤ አላዘንበትም። የእኛ አውሮፕላን የጦር ምልክት አያስፈልገውም። ልጄ ብርማ ቀለም ቀባውና በማጣበቂያ ፕላስተር እየከለለ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መስመር አወጣበት። የመጀመሪያዎቹ እውነተኞቹም እኮ ከጦርነት የተረፉ ነበሩ።

ሁለተኛው ስልክ

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የሚቀድም ሥራ ነበረ። ከጎረቤታችን ዘንድ በተመለስንበት ቅዳሜ ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። “ባለፈው የነገርኩህ እውነት አልነበረም። ይቅር በለኝ” አልኩትና ስልኩን ለልጄ ሰጠሁት።

“አጎቴ፣ አውሮፕላኑ ጥሩ ሆኖ የተሠራ አይደለም። ክንፉ ጎብጧል፣ አይጋጠምም፣ ጎማም ጎድሎታል። ግን እኔና እማዬ እየሠራነው ነው” አለው።

በመካከል ዝምታ ሆነ። የዚያ ዝምታ ርዝመት ዛሬም ይታወሰኛል። ከዚያ ወንድሜ በቀስታ “ሥዕሉን አይቼ ነው የገዛሁት። ለቀብሩ እንኳ ሳልደርስ... አንድ ነገር በእጄ ላድርግለት ብዬ ነበር። እርሱም አልሆነልኝም ማለት ነው?” አለ።

ደነገጥኩ። ስልኩን ተቀብዬ ነገሩን ላለሳልሰው ፈለግሁ። ልጄ ግን ቀደመኝ። “ሆኖልሃል እንጂ! እማዬ እኮ ስለ አባባ እንዲህ ብዙ አውርታልኝ አታውቅም ነበር” አለው። ወንድሜ ገንዘብ ልላክና የተሻለ ይገዛ ቢልም ልጄ እምቢ አለ። “ይሄኛውን ነው የምንጨርሰው። አንተ ግን አባባ ወደ ሥራ ቦታ ሲወስዱህ ያየኸውን ንገረኝ” አለው።

ወንድሜ ያን ምሽት ከአንድ ሰዓት በላይ አወራ። በሰባት ዓመቱ አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶ የሞተሩን ሲሊንደሮች እንዴት እንዳስቆጠረው ሲነግረን እኔም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለዓመታት ስልካችን “ደህና ናችሁ?” “ደህና ነን” ብቻ ነበር። አሁን በየሳምንቱ ይደውላል። “ዛሬ የት ደረሳችሁ?” ይላል፤ ከዚያ አባባ ይነሣል፤ ይሳቃል፣ ይለቀሳልም። ያቺ የእኔ “ደስታውን አልቻለውም” የምትለው ቃል ይህን ሁሉ ዘግታብን ነበር።

የጅራቱ ጎማ

አውሮፕላኑ ተጠናቀቀና ብፌው ላይ ከአባቴ ፎቶ ጎን ተቀመጠ። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአባቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ አዛውንት ሊጠይቁን መጡ። ቡናው እስኪፈላ መነጽራቸውን አውጥተው አውሮፕላኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። ልጄ ከጎናቸው ቆሞ ትንፋሹን ይዟል። እኔም እንዲሁ።

እርሳቸው ስለ ክንፉ አልተናገሩም። ሆዱ ላይ ስላለው ስፌትም አልተናገሩም። ገልብጠው ጅራቱን አዩና “የእኔ ልጅ፣ የኋላ ጎማዋ የታለች? ዲሲ-3 እኮ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ፣ በጅራቷ ተቀምጣ ነው የምትቆም” አሉት።

ልጄ ታሪኩን ነገራቸው፤ ቅርፁን፣ የፈላውን ውኃ፣ የእርጎውን ክዳን። አዛውንቱ እየሳቁ ሰሙት። “እኛም አዲስ ሆና የመጣችልን ቀን ትዝ አይለኝም። የተበላሸ ባይኖርማ መካኒክ ምን ይሠራል?” አሉት። ያን ዕለት ማታ ልጄ የታናሽ እኅቱን የዶቃ ሣጥን ሲበረብር ቆይቶ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዶቃ አገኘ። አሁን አውሮፕላናችን በዚያች ዶቃ ላይ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ቆሟል።

ለወላጆች

ውድ አንባቢያን፣ ለልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ስትገዙ የሣጥኑን ሥዕል ብቻ አትመኑ። ከተቻለ ከፍታችሁ ክፍሎቹ ከመመሪያው ወረቀት ጋር መስማማታቸውን እዩ፤ የክፍሎቹን ብዛትና ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን አንብቡ፤ ደረሰኙን አትጣሉ። ለጀማሪ ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑት ይሻላሉ። ተበላሽቶ ከመጣም ሁሉንም ነገር መጠገን ግዴታ አይደለም። መመለስ የሚቻለውን መልሱ። የሚጠገነውንም ሳትቸኩሉ፣ ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ጠግኑ፤ ከእኔ ድስት ተማሩ!

ከሁሉ በላይ ግን ልጃችሁ በተሰጠው ነገር ሲያዝን “አመስግን” ለማለት አትሽቀዳደሙ። ምስጋናው አይቀርም፤ ይደርሳል። አስቀድማችሁ አጠገቡ ተቀመጡና “ምን እንዲሆን ነበር የጠበቅኸው?” ብላችሁ ጠይቁት። ያዘነበት ነገር እናንተ እጅ ላይ ካለው ዕቃ ጋር ግንኙነት የሌለው ሊሆን ይችላል። ለሰጪውም እውነቱን በፍቅር ንገሩት። የእውነት ቃል የሚያሳምመው ለጊዜው ነው፤ የማስመሰል ቃል ግን ሰውን ከሰው ሳይታወቅ ያርቃል።

ዛሬ እቤታችን ብትመጡ አውሮፕላኑን ታዩታላችሁ። ቀኝ ክንፉ ጫፍ ላይ፣ ብርማው ቀለም ሥር፣ አንዲት የጣት አሻራ አለች። ልጄ ሁለት ጊዜ ሊፍቃት ብርጭቆ ወረቀቱን አንሥቶ ነበር። “ተዋት፣ የእኔ ናት” አልኩት።